የሳፍያን ባቡር የሚጠብቅ ባል

ውብነሽ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ቅናት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ባሏ መልከጼዴቅ ጎፈሬው እንደ ጃንጥላ፣ ሱሪው እንደ ደወል በነበረበት ዘመን፣ የተማሪው ማኅበር ሴቶች ተራ በተራ ከጎኑ እየተቀመጡ ስለ ትግል ሲያወሩት፣ እሷ ሻይ እያፈላች ትስቅ ነበር። ጡረታ ከወጣች፣ ጉልበቷም ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረም ከጀመረ በኋላ ግን ቀናች። ያውም በባቡር ምክንያት! እውነተኛ ባቡር ቢሆን ደግ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚርመሰመስ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ባቡር!

ነገሩ እንዲህ ነው። መልከጼዴቅ ጀርመን አገር፣ ኦስትሃፈን በሚባል ወደብ፣ ከወንዙ ዳር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ፣ ዕቃ ሲቀበልና ሲልክ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤት መዋል ሲጀምር እጁ ማረፊያ አጣ። ያልላላ ብሎን ያጠብቃል፤ ያልተበላሸ ቧንቧ ይፈታል። በመጨረሻ አንድ የድሮ የሥራ ጓደኛው፣ "ይህን ሞክር፣ አለዚያ ሚስትህን ታሳብዳታለህ" ብሎ የባቡር ጨዋታ አስለመደው። ጨዋታው አገር ከነተራራው፣ ከነወንዙ፣ ከነከተማው ያቀርብልሃል። አንተ ሐዲድ ትዘረጋለህ፣ ጣቢያ ትተክላለህ፣ ባቡር ገዝተህ ሰው ታመላልሳለህ። ውብነሽም መጀመሪያ ላይ "ተመስገን፣ ቧንቧዬ ተረፈልኝ" ብላ ደስ አላት።

አንድ ነገር ብቻ መልከጼዴቅን እንቅልፍ ነሳው። በአንድ መስመር ላይ ባቡሮች አሰማርቶ ምሳውን በልቶ ሲመለስ፣ ሁሉንም እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተያይዘው ያገኛቸዋል። የፊተኛውን ብዙ ተሳፋሪ ስለሚጠብቀው ሲጭን ይዘገያል። የኋለኛው ደግሞ የተጠረገ ጣቢያ ያገኝና ምንም ሳይዘው እየጋለበ ይደርስበታል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አይመጣም፤ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይመጣሉ። ጀርመኖች ባቡር ከባቡር በእኩል ጊዜ ተራርቆ ሲሄድ "ታክት" ይሉታል። የመልከጼዴቅ ታክት ጠፍቶ ነበር።

ታክቱን ያመጣችለት ሳፍያ ናት።

ኡንተርሊደርባህ በሚባለው ሰፈር፣ ከነውብነሽ በታች ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች። የአስመራ ልጅ፣ ከልጅነቷ በአማርኛ የተማረች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያለች፣ ሳቋ ሦስት ፎቅ ዘልቆ የሚሰማ ሴት። ለዒድ ጣፋጭ ይዛላቸው ወጣችና ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ።

"ዋይ ኣነ! መልከጼዴቅ፣ እነዚህ ባቡሮች ተፋቅረው ነው ወይስ ሊደባደቡ ነው? ምን ያጣብቃቸዋል?"

መልከጼዴቅ ካቀረቀረበት ቀና አለ። "ታውቂዋለሽ እንዴ ይሄን ጨዋታ?"

"ልጄ ከስዊድን ሆኖ አስለመደኝ። አብረን እንጫወት ብሎኝ ነበር፤ እሱ ተወው፣ እኔ ቀረሁበት።" ጣፋጩን ለውብነሽ አቀበለችና ወንበር ሳበች። "ስማ፣ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ዕረፍት ስጣቸው። ቀድሞ የመጣው ሰዓቱ እስኪደርስ ይቀመጥ፤ የዘገየው ሳያርፍ ይመለስ። በቃ፣ ራሳቸው ይራራቃሉ።"

ተራራቁ። እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በልክ በልክ ተደርድረው ሲሄዱ መልከጼዴቅ ጭኑን መትቶ እንደ ሕፃን ሳቀ። ውብነሽ ጣፋጩን እንደያዘች ቆማ አየችው። እንዲህ የሳቀው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ከዚያ ወዲህ ሳፍያ ኮምፒውተሯን በክንዷ ታቅፋ መውጣት ጀመረች። ሁለቱ አንድ አገር ላይ፣ እሱ ምዕራቡን፣ እሷ ምሥራቁን ይዘው ይጫወታሉ። ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነጋገሩ ውብነሽ ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች እንዲህ ሲል ሰማችው፦

"አይዞሽ ሳፍያ፣ አትቸኩዪ። የኔን አቁሜዋለሁ። ያንቺ ሳያልፍ አንዲት ስንዝር አይነቃነቅም።"

ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ የመልከጼዴቅን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሰው በሕይወቱ ለማንም ቆሞ፣ ማንንም ጠብቆ የማያውቅ ሰው ነው። ለገዛ ሠርጉ ዘግይቶ ካህኑ ሊሄዱ ሲነሱ ነው የደረሰው። ልጃቸው ኢየሩስ ስትወለድ፣ አበባ ይዞ ሆስፒታል ሲገባ ሕፃኗ ታጥባ፣ ጠብታ፣ ተኝታ ነበር። ውብነሽ ሆክስት ውስጥ ባለ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ትሠራ በነበረበት ዘመን፣ "ስትወጪ እመጣልሻለሁ" ይላታል፤ እሷ በር ላይ ቆማ የወጡትን ሁሉ ትሸኛለች፣ የገቡትን ሁሉ ትቀበላለች። ስልክ ስትደውል "መጣሁ" ይላል። "መጣሁ" ማለት ገና ጫማውን እየፈለገ ነው ማለት እንደሆነ እሷ ቀድማ ታውቀዋለች። በረዶ ላይ ቆማለች፣ ዝናብ ላይ ቆማለች፣ ኢየሩስን በሆዷ ይዛ ቆማለች። ከመጠበቅ ብዛት የአንዳንድ ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያለውን ማስታወቂያ በቃሏ ይዛ ጀርመንኛዋ ተሻሻለ።

አሁን ይህ ሰው ለሳፍያ ባቡር ይቆማል!

መጠርጠሯስ አይደለም፤ ውብነሽ ሞኝ አይደለችም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሁለቱም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ስለ ሲግናልና ስለ ሐዲድ ከማውራት ሌላ ምንም እንደሌለ ታያለች። ይህን ማወቋ ግን ለሆዷ አልደረሰለትም። ሳፍያ ከመምጣቷ በፊት ጢሙን መላጨቱን አየች። ከገበያ ሲመለስ፣ "ቸኩያለሁ፣ ሳፍያ ትመጣለች" እያለ አውቶቡስ ቀድሞ መጠበቁን አየች። አውቶቡስ ሲጠብቅ! መልከጼዴቅ! በልቧ፣ "የጎረቤት ሌባ፣ ቢያዩት ይስቅ ባያዩት ይሰርቅ" አለች። ሳፍያ ደግሞ እውነትም ትስቅ ነበር፤ ያውም ጮክ ብላ።

ለኢየሩስ ደውላ ነገረቻት። "አባትሽ ከታች ካለችዋ ሴትዮ ጋር ባቡር ሲያሰልፍ ይውላል።"

"ማማ፣ ዳስ ኢስት ዶህ ኑር አይን ሽፒል" አለቻት ልጇ፣ ጨዋታ ብቻ ነው እኮ ማለቷ ነው።

"ጨዋታ መሆኑን መች አጣሁት! ጨዋታ ላይ ሰው የሚጠብቅ ባል ሚስቱን ለምን አይጠብቅም ነው የኔ ጥያቄ።"

"ታዲያ ሽፒል ዶህ ሚት፣ ማማ።"

አብረሽ ተጫወቺ። ልጅቷ ለቀልድ ነበር ያለችው። ውብነሽ ግን ስልኩን ስታስቀምጥ ወስናለች።

በሚቀጥለው ጊዜ ሳፍያ ስትመጣ፣ ውብነሽ የኢየሩስን አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፋ ሳሎን ገባች። "ለኔም መስመር ስጡኝ።"

መልከጼዴቅ ሳቀ። "ውቤ፣ አንቺ? ባቡር?"

"ምን አለበት? ስትጠብቅ የኖረች ሰው ከባቡር ሌላ ምን ታውቃለች?"

"ስጣት እንጂ!" አለች ሳፍያ። "ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ። ና በል፣ ጠጋ በል አንተ።"

ሳፍያ ናት ያስተማረቻት፤ ይህም ራሱ አናደዳት። ጥሩ ታስተምራለች፣ አትቆጣም፣ ስትሳሳት "ኣጆኺ" እያለች ታበረታታለች። ሰው ሊጠላው የሚፈልገው ሰው ደግ ሲሆንበት እንዴት ያለ መከራ ነው! ለውብነሽ ከመልከጼዴቅ ዋና መስመር ተገንጥላ ወደ አንዲት ተራራማ መንደር የምትወጣ አጭር መስመር ሰጧት። መገንጠያው ላይ ሁለት ግላይስ ያለው ጣቢያ ተከለች። ሁለት ግላይስ ማለት ሁለት ባቡር ብቻ የሚያስቆም ማለት ነው። ስሙንም በትልልቁ "ውብነሽ" ብላ ጻፈችበት። የመልከጼዴቅ ባቡር ሰው ያመጣል፣ ውብነሽ ጣቢያ ያወርዳል፤ የሷ ትንሽ ባቡር ተቀብላ ተራራው ላይ ታወጣቸዋለች። ከመልከጼዴቅ ኋላ ደግሞ የሳፍያ ባቡሮች በዚያው ሐዲድ በልክ በልክ ተራርቀው ይከተላሉ።

ሰንብታ ለመደችው። ነገር ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። የመልከጼዴቅ ባቡር ትንሽ ሲዘገይ የሷ ባቡር ሰዓቷ ደርሶ ትነሳለች። ተሳፋሪዎቹ ይመጡና ባዶ ጣቢያ ላይ ይቆማሉ። ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጉንዳን ሲከማቹ አየች። ውብነሽ ሰው ሳይሟላ ማዕድ በማይቀርብበት ቤት ነው ያደገችው። እንግዳ ይመጣል ከተባለ፣ ወጡ ቢቀዘቅዝ፣ ልጁ ቢያለቅስ፣ ይጠበቃል። እንግዳ ትቶ መብላት ነውር ነው፤ መንገደኛ ትቶ መሄድማ አይነገርም። ስለዚህ ማንንም ሳታማክር ባቡሯን "ካልሞላሽ አትነሺ" ብላ አዘዘቻት። አልበቃትም። አንዷ ብትሞላና ብትሄድ ሌላዋ ትቀበለው ብላ ሁለተኛ ባቡር ገዛች፤ እሷንም በሌላው ግላይስ ላይ አቆመችና ያንኑ ትእዛዝ ሰጠቻት። እጇን አጣጥፋ ባሏን መጠበቅ ጀመረች።

"ቀይ!" ብሎ ጮኸ መልከጼዴቅ። "ምን ሆኖ ነው ቀይ የበራብኝ?"

"እኔም ቆምኩ" አለች ሳፍያ። "ከኋላዬ ያለውም ቆመ። ዋይ፣ ዋይ! ሁሉም ተደረደሩ! ዛሬስ እውነተኛው የከተማ ባቡር፣ ኤስ ባኑ፣ ይሻላል!"

መልከጼዴቅ የኮምፒውተሩን አይጥ እየገፋ ሐዲዱን ተከትሎ ውብነሽ ጣቢያ ደረሰ። ሁለት ትንንሽ ባቡሮች፣ ሁለቱም ባዶ፣ ሁለቱም ግላይስ ላይ ተደላድለው ቆመዋል።

"ውቤ! ሁለቱንም ግላይስ ይዘሽብኛል!"

"አውቃለሁ።"

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየጠበቅሁህ።"

"በሩ ላይ ቆመሽ ነው እኮ የምትጠብቂኝ! በየት በኩል ልግባ?"

"እሱን እኔ አላውቅም። መጠበቅ ነው ሥራዬ፤ እጠብቃለሁ።"

"አስነሺያቸው በቃ!"

"ባዶ?"

"አዎ፣ ባዶ!"

"ሰው ሳይሟላ ማዕድ ያቀረብኩበት ቀን አለ? ባዶ ባቡር አላስነሳም። መጥተህ ጫን።"

"መምጫ የለኝም አልኩሽ እኮ!"

በጨዋታው ሕግ የሰውን ባቡር ከባለቤቱ በቀር ማንም አያስነሳውም። መልከጼዴቅ የሷ እስኪነሳ ቆሟል፤ የሷ እሱ እስኪመጣ ቆሟል። ከኋላ ምዕራብና ምሥራቅ ተደርቦ፣ ያ ሁሉ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ ባቡር አንድ ላይ ተጠቅልሎ፣ የዘገየው ሁሉ ስሙ እየቀላ በኮምፒውተሩ ጎን ይዘረዘራል። አገሩ በሙሉ የውብነሽን ጣት ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ጣፈጣት! እንዲህ ያለ ጣፋጭ በስልሳ ስድስት ዓመቷ ቀምሳ አታውቅም። ጣቷን አይጡ ላይ አሳርፋ ወደ ኋላ ተደገፈች።

"ውቤ፣ ምን ሆነሻል ዛሬ?"

"ለሷ ባቡርህን ታቆማለህ" አለች፣ በአገጯ ወደ ሳፍያ እያመለከተች። "'አይዞሽ፣ ያንቺ ሳያልፍ ስንዝር አይነቃነቅም' ትላታለህ። ለኔ አንድ ቀን ቆመህልኝ ታውቃለህ?"

ከሁሉ በፊት አፏን የከፈተችው ሳፍያ ናት።

"ያ ኣላህ! በኔ ነው እንዴ ነገሩ? ስሚ ውብነሽ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ወላሂ፣ ሰውየው ላንቺ፣ ጣቢያው ለኔ! እኔ አንድ ባል ቀብሬያለሁ፣ ሌላ ካልሲ የማጥብበት አቅም የለኝም። ባቡሬን ብቻ አስለቅቂልኝ!"

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ መልከጼዴቅ ተቀይሞ። "እኔ ከጣቢያ አንሳለሁ?"

"በጣም እንጂ! ጣቢያው ሲጠሩት ቦታው ላይ ነው።"

ውብነሽ ልትስቅ ነበር፤ ያዘችው። ዓይኗን ከባሏ ላይ አላነሳችም። "እሷ ተናገረች። አንተስ? ለምንድን ነው የሷን የምትጠብቀው?"

መልከጼዴቅ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሲጠየቅ እውነቱን ከመናገር ሌላ ዘዴ የለውም።

"የሷን ካልጠበቅሁ መስመሩ ሁሉ ይበላሻል" አለ። "ታልፈኛለች። ታክቱን ይዛ ትሄዳለች። አንቺ ግን…" መነጽሩን መልሶ አደረገ። "አንቺ ብዘገይም ትኖሪያለሽ። መቼ ብመጣ አለሽ። በዚህ ዓለም ላይ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ይኼ ብቻ ነው።"

ይህን ያለው እንደ ምስጋና ነው፤ ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር። ውብነሽ ግን እንደ ምስጋና አልሰማችውም። በየበሩ፣ በየጣቢያው የቆመችበት ዘመን ሁሉ በዓይኗ መጣ። የሚዘገየው ስለማይወዳት መስሏት ያለቀሰችባቸው ቀኖች ነበሩ። አይደለም፤ የዘገየው ስላለች ነው። ብትሄድ ኖሮ ሮጦ ይደርስ ነበር።

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። "ካልሞላሽ አትነሺ" የሚለውን ትእዛዝ ሰረዘችው። የእናቷን ቤት ማዕድ ሰው ሳይሟላ ያቀረበች ያህል ከበዳት። ከዚያ መነሻውን ተጫነችው።

ትንሿ ባቡር ባዶዋን ተነሳች። ከግላይሱ ወጣች፣ ድልድዩን ተሻገረች፣ ተራራውን ተያያዘችው። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ፤ የመልከጼዴቅ ባቡር እየተንደረደረ ገባና ሰዎቹን አራገፈ። ይህን ጊዜ ሁለተኛዋም የውብነሽ ባቡር ተነስታ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ጣቢያው ላይ ተከምረው ቀሩ።

"ሰዎቹን ትተሽ ሄድሽ!" አለ መልከጼዴቅ።

"ሄድኩ።"

"እንዴት ትሄጂያለሽ? አሁን መድረሴ እኮ ነው!"

"አየሁ።"

"መቼ ነው የምትመለሺው?"

"የመነሻ ሰዓቴን፣ ፋርፕላኔን፣ ተመልከት።"

"ፋርፕላን የለሽማ!"

"አሁን አወጣለሁ" አለችና ወንበሯን ወደ ሳፍያ አዞረች። "አንቺ ሴትዮ፣ የመነሻ ሰዓት እንዴት ነው የሚጻፈው? አስተምሪኝ።"

ሳፍያ እስካሁን የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶችም ሳይሰሙት አልቀሩም። ሁለቱ ሴቶች ራስ ለራስ ገጥመው መጻፍ ጀመሩ። ውብነሽ ባቡሮቿን አንዷ ስትወጣ ሌላዋ እንድትወርድ አድርጋ አራራቀቻቸው። ተራራው ላይ ለሁለቱም ዕረፍት ሰጠቻቸው። ጣቢያዋ ላይ የሚቆሙበትን ጊዜ ግን አሳጠረች፤ የደረሰ ይሳፈር፣ ያልደረሰ ቀጣዩን ይጠብቅ። መልከጼዴቅ ከማዶ ተቀምጦ የተከመሩበትን ሰዎች ያያል። ሰዎቹ አይቀንሱም። ሌላ ባቡር አመጣ፤ ያኛውም ጥቂት ዘግይቶ ደረሰና የውብነሽን ባቡር ጭራ ብቻ አየ።

ጉሮሮውን ጠረገ። "ውቤ።"

"አቤት።"

"ያንቺ… በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?"

ውብነሽ ይህን ጥያቄ ከዚህ ሰው አፍ ሰምታው አታውቅም። 'መጣሁ' ሲል ሰምታዋለች፤ 'ቆይ' ሲል ሰምታዋለች፤ 'ደረስኩ እኮ' ሲል ሰምታዋለች። መቼ እንደምትሄድ ግን ጠይቋት አያውቅም፤ ለምን ይጠይቃታል?

"ለምን ፈለግኸው?" አለችው።

"የኔን ላስተካክል። ቀድሜ ልድረስና ልጠብቅሽ።"

"ድገመው እስቲ።"

"ልጠብቅሽ አልኩ! ንገሪኝ አሁን፣ ሰው ተከምሮብኛል።"

ነገረችው። መልከጼዴቅ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፣ የሳፍያን ባቡሮች ከኋላው እያዘገየ፣ የራሱን ሰዓት አንድ በአንድ ቀየረ። ሳፍያ፣ "ኧረ የኔን ታክት እንዳትነካብኝ!" ብላ ጮኸች። እሱ ግን አልሰማትም። የሚቀጥለው ባቡሩ ውብነሽ ጣቢያ ቀድሞ ገባ። ሰዎቹን አራገፈና አልሄደም፤ ቆመ። ባዶ ግላይስ አጠገብ፣ ተራራው ላይ ገና ብቅ ያላለችን ትንሽ ባቡር እየጠበቀ ቆመ። ውብነሽ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጠውን ያን የባሏን ባቡር፣ ሰው የሠርጉን ፎቶግራፍ እንደሚያይ፣ ቀረብ ብላ አየችው። ባቡሯ ድልድዩን ተሻግራ እስክትመጣ ድረስ ትንፋሿን አላወጣችም። የሷ ስትገባ የሱ ተነሳ።

"አየሽ? ጠበቅሁሽ" አለ መልከጼዴቅ፣ ከሷ ብሶ ተደስቶ።

"ጠበቅኸኝ" አለች። እጁንም ቸብ አደረገች።

ሳፍያ ሁለቱንም አየት አደረገችና በተበላሸ ሰዓቷ እያጉረመረመች በኮምፒውተሯ ወደ ምሥራቋ ሄደች። ውብነሽም ከደስታዋ ብዛት አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ለመጎብኘት አይጧን እየገፋች ተከተለቻት። የሳፍያ ዋና ከተማ ላይ ስትደርስ ቆመች። ስምንት ግላይስ ያለው፣ በቅስት ጣሪያ የተሸፈነ፣ ባቡር ከሁሉ አቅጣጫ የሚገባበት፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ የሚወጣበት ጣቢያ ነበር። የሷ ሁለት ግላይስ ብቻ ነበር ያለው። እንደገና ቀናች፤ ይህን ጊዜ በጣቢያው።

"ምን ታያለሽ?" አለቻት ሳፍያ።

"ምንም" አለች ውብነሽ፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ የጣሪያውን ቅስቶች እየቆጠረች።